ልብስ ሰፊው ያሰመረው ሜዳ

በዚያ ሰፈር ሱሪ ያሳጠረ፣ ጃኬት ያስጠበበ፣ ለልጁ ዩኒፎርም ያሰፋ ሰው ሁሉ ጋሽ ሜትርን ያውቀዋል። እውነተኛ ስሙን ከባለቤቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውስ የለም። የጨርቅ ሜትሩን ከአንገቱ አያወርድም። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ሳይቀር አንጠልጥሎት ሄዶ፣ ባለቤቱ "አንተ ሰውዬ፣ ሟቹን ልትለካው ነው እንዴ የመጣኸው?" ብላ በሰው ፊት አሳፍራዋለች። የሟቹ ወንድም እንኳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የቴኒስ ክለብ ሊቀመንበር። ቴኒስ ግን አይችልም። ራኬት ሲይዝ መጥበሻ የያዘ ይመስላል፤ ይህን የሚሉት ደግሞ ጠላቶቹ ሳይሆኑ ክለቡን አብረውት ያቋቋሙት ወዳጆቹ ናቸው። ታዲያ ሊቀመንበር ለመሆን ኳስ መምታት ያስፈልጋል ያለው ማነው? ለክለብ የሚያስፈልገው፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ወደ ቤቱ ሲገባ ወደኋላ ቀርቶ በር የሚዘጋ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይቀር ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመረብ ነው። አንድ ነጋዴ ከተዘጋ ሆቴል የገዛውን የቴኒስ መረብ ከነብረት ቋሚዎቹ ጭኖ ወደ ሱቁ መጣና "ቆራርጠህ የገበያ ቦርሳ አድርግልኝ" አለው። ጋሽ ሜትር መረቡን በጣቶቹ መሃል እያሳለፈ ብዙ ቆየ። እያንዳንዱ ቋጠሮ በእጅ የጠበቀ፣ የላዩ ነጭ ሸራ በድርብ ስፌት የተመታ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ መቀስ ለማሳረፍ አንጀቱ አልቻለም። ለነጋዴው ከራሱ ሸራ ቦርሳ ሰፋለትና መረቡን አስቀረ።

"ምን ሊያደርግልህ ነው?" አለች ባለቤቱ። "ዓሣ ልታጠምድበት ነው?"

"ሜዳ እንሠራለታለን" አላት።

ሰው ለቤቱ ቁልፍ ይገዛል እንጂ ለቁልፍ ብሎ ቤት ይሠራል? እሱ ግን ሠራ።

ከሰፈሩ የአውቶብስ ጋራዥ ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ ነበር። የጋራዡ መካኒክ የተቀዳደደውን ጎማና የዛገውን ብረት አነሳ፤ በርሜል ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶም መዳመጫ ሠራ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነርስ የሚላት ጡረተኛ ነርስ በር ለበር እየዞረች ሰው ቀሰቀሰች፤ የሚለግመውን "ግድ የለም፣ መርፌ ስትወጋ እንገናኛለን!" እያለች አስፈራራች። ከጡብ ፋብሪካ ስብርባሪ ለምነው አመጡ፤ በመዶሻ እየወቀጡ፣ በወንፊት እየነፉ ቀይ አፈር አደረጉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ያ የቆሻሻ ክምር በአንድ በጋ ቀይ ሜዳ ሆነ።

መስመሩን ማን ያስምር ሲባል ክርክር አልተነሳም። ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ የኖረ ሰው እያለ! ጋሽ ሜትር የቴኒስን የሕግ መጽሐፍ ገልጦ ቁጥሮቹን በቃሉ ያዘ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ክር እየወጠረ ለካ። "አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ" ባይ ነውና ደጋግሞ ለካ። ከዚያ በኖራ አሰመረ። ማዕዘኖቹ እንደ አዲስ ሸሚዝ አንገትጌ ቀጥ ያሉ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ከሠርጉ ቀን ይበልጥ ደስ ብሎታል፤ ለባለቤቱ ግን ይህን አልነገራትም።

ዓመታት አለፉ። ክለቡ ውስጥ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። መካኒኩ ሜዳውን ይዳምጣል፣ እትዬ ነርስ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት እያሸች ማን ከማን እንደሚጫወት ትወስናለች፣ ጋሽ ሜትር ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አፈሩን ውሃ ያርከፈክፋል፤ የተጫዋቾቹን ነጭ ልብስም የሚሰፋው እሱ ነው። ከተጫዋቾቹ ሁሉ የምትበልጠው ዱቄት ነበረች። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤት በቀጥታ ወደ ሜዳ ስለምትመጣ ቅንድቧ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አይጠፋም፤ ስሙም ከዚያ ወጣላት። ሊጥ ሲያሹ የኖሩ ክንዶቿ ኳስ ሲመቱ ድምፁ ጋራዥ ድረስ ይሰማል። ኳሷን ደግሞ ያሰበችው ቦታ ላይ ታሳርፋታለች።

በመጨረሻም የተመኙት ደረሰና የከተማው ታላቅ ሊግ ውስጥ ገቡ። ያን ጊዜ ነው እንቆቅልሹ የመጣው። በራሳቸው ሜዳ የመጣውን ሁሉ ያሸንፋሉ፤ ሰው ሜዳ ሲሄዱ ደግሞ በሄዱበት ሁሉ ይሸነፋሉ። መካኒኩ የአውቶብሱ መንገጫገጭ ነው አለ። እትዬ ነርስ ውሃው ነው ብላ የፈላ ውሃ በጄሪካን ተሸክማ መሄድ ጀመረች። ምንም አልተለወጠም። እንግዶቹ በበኩላቸው ከቀዩ ሜዳ ሲወጡ "ሜዳችሁ ያፍናል፣ ኳሳችን ሁሉ ለጥቂት ትወጣለች" እያሉ ያጉረመርማሉ። "ተሸናፊ ሰበብ አያጣም" እያሉ እነ ዱቄት ይሳለቁባቸው ነበር።

ከተሸናፊዎቹ አንዱ ግን ማጉረምረሙን ትቶ ከሰሰ። ይኸውም የማዶው ክለብ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ አረንጓዴ ወንበርና ደመወዝተኛ አሰልጣኝ ያለው ክለብ። "ሜዳቸው ይመርመርልን" ብለው ለሊጉ አመለከቱ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተቆጣጣሪው የብረት ሜትሩን ይዞ መጣ። ጋሽ ሜትር ካለው ሁሉ የተሻለውን ኮት ለብሶ ተቀበለው።

ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ነበር። ከመረቡ ሥር እስከ ኋላው መስመር ሜትሩን ዘረጋ፣ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ እንደገና ዘረጋ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"ሊቀመንበር፣ ይህ ሜዳ ያንሳል" አለ።

"ምኑ?"

"ርዝመቱም፣ ስፋቱም። ከየጫፉ አንድ ክንድ ያህል፣ ከየጎኑ አንድ ስንዝር።"

"አይሆንም!" አለ ጋሽ ሜትር። "በገዛ እጄ ነው የለካሁት። ምናልባት የእርስዎ ሜትር ተሳስቶ ይሆናል።"

"ምን ያጨቃጭቃችኋል፣ አስተያዩዋቸው" አለ መካኒኩ።

የጨርቁን ሜትር ከብረቱ ጎን አጋደሙት። ሲጀምሩ እኩል ነበሩ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን የጨርቁ ሜትር አራት ጣት ቀድሞ አለቀ። ጋሽ ሜትር ጎተተው፤ አልረዘመም። በመዳፉ ደባበሰው፤ ያው ነው። ክለቡ በሙሉ ዙሪያውን ቆሞ ያያል። ያን ጊዜ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ኖሮ ባመሰገናት ነበር።

እንቆቅልሹም ተፈታ። እንግዶች በቀዩ ሜዳ ላይ ረዘም አድርገው የመቷት ኳስ ትወጣለች፤ ሜዳው ከለመዱት ያጥራላ። የእነ ዱቄት ዓይን ደግሞ በአጭሩ ሜዳ አድጓል፤ ሰው ሜዳ ሄደው ረጅም ኳስ ሲመጣ "ይሄማ ወጣ" ብለው ቆመው ያዩታል፤ ኳሱ ግን ይገባል። ሊጉ አጭበርብራችኋል አላለም፤ ሆኖም በቤታቸው ያገኙትን ድል ሁሉ ሰረዘ። መስመሩም በትክክለኛው ልክ እንደገና እንዲሰመር አዘዘ። አንድ ግጥሚያ ቀርቷቸዋል፤ እሱም ከማዶው ክለብ ጋር፣ በማዶው ክለብ ሜዳ። ካሸነፉ ሊጉ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከተሸነፉ ይወጣሉ። ሰው ሜዳ ላይ አሸንፈው ደግሞ አያውቁም።

ጋሽ ሜትር ሊቀመንበርነቱን ለእትዬ ነርስ አስረክቦ ሱቁ ውስጥ ተደበቀ። ያፈረው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው የወቀጠው ጡብ፣ ዱቄት ያላንቀላፋችበት ጠዋት፣ የመካኒኩ ወገብ፣ ሁሉም በእሱ አንገት ላይ በተንጠለጠለ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ገደል ሊገባ ነው። ከልቡ አዘነ። የስፌት መኪናውን ፔዳል ቢረግጥም ክር ማስገባቱን ረስቶት ነበር።

ማታ ባለቤቱ ራት አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እሷም ዓይኗ አላረፈላትም።

"ስማ" አለች። "አንዴ አተኩሶህ የተኛህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? መረቡን ከማምጣትህ በፊት።"

"እሺ?"

"ያን ጊዜ ሜትርህን ካንገትህ አውልቄ ነበር። ጠቁሮ፣ ቆሽሾ... ከነጭ ልብስ ጋር ቀቀልኩት።"

"ቀቀልሽው!"

"ታዲያ ምን ላድርግ? አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ መልሼ አንገትህ ላይ አደረግሁልህ። ጸድቶልኛል ብለህ እንኳን አላመሰገንከኝ!"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ምን ብሎ ይቆጣ? ያን ሜትር በየቀኑ ይዞት ሲውል ማጠሩን ያላወቀው እሱ ራሱ ነው። "እግዜር ይይልሽ" ብሎ ራቱን በላ።

በማግስቱ ሱቁ በሰው ተሞላ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሱሪ ላይ ደርሷል። "ጋሼ፣ የኔስ ሱሪ አጭር ነው ማለት ነው?" የማይል የለም። አንዱ ለብሶት የመጣውን ኮት እጅጌ ወደታች እየጎተተ ያሳየዋል። ጋሽ ሜትር ተሰላችቶ አስረዳ፤ ገላውን የለካው ያ ሜትር ነው፣ ጨርቁን የለካውም ያው ሜትር ነው፤ ስለዚህ ልብሱ ልክ ነው፣ ውሸታሙ ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከመጽሐፍ የመጣው ለሜዳው ብቻ በመሆኑ፣ ጉድ የሆነውም ሜዳው ብቻ ነው።

እትዬ ነርስ ይህን በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ዓይኗን አጠበበች።

"ቆይ እስቲ። ሜትሩ ካጠረ፣ የኔን ወገብ ሲለካ ቁጥሩን ያበዛዋል ማለት አይደል?"

"አዎ... ያበዛዋል።"

"ለካኝ! በብረቱ ለካኝ!"

የመካኒኩን የብረት ሜትር አመጡና ለካት። ቁጥሩን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሱቁን ዞረችው። "ይኸው! ሃያ ዓመት ሙሉ ወገቤን በከንቱ ስታወፍር ኖረሃል! በአንተ የተነሳ ስንት ኬክ እያየሁ አልፌያለሁ!" ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ሜትርም ሳይወድ በግድ ሳቀ፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"በል አሁን ተነስ" አለችው እትዬ ነርስ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያበላሸ እጅ ነው የሚያስተካክለው። መስመሩን አንተ ታሰምራለህ።"

"እህቴ፣ ተይኝ። ሌላ ሰው..."

"ሌላ ሰው የለም። ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ፣ አዝዤሃለሁ።"

ሄደ። በብረቱ ሜትር፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ አዲሱን መስመር አሰመረ። የድሮው ኖራ ጡቡ ውስጥ ዘልቆ ስለነበር ቢፋቅም አልጠፋም፤ በድሮውና በአዲሱ መካከል ከኋላ አንድ ክንድ፣ ከጎን አንድ ስንዝር የሚሆን ቀይ ሪባን ቀረ። ጋሽ ሜትር ዓይኑ እዚያ ሪባን ላይ ሲያርፍ ጥርሱን ይነክስ ነበር።

ልምምድ ሲጀመር አጥሩ ሥር ተቀምጦ የዱቄትን ቀሚስ ጠርዝ መጥለፍ ያዘ። መርፌው እየሄደ ዓይኑ ግን ሜዳው ላይ ነው። ዱቄት ትመታለች፤ ኳሷ የድሮው መስመር ላይ ታርፋለች። ሌላ ትመታለች፤ አሁንም እዚያው። በአዲሱ ሜዳ አንዲት ኳስ እንኳ አልወጣችባትም። ይህ ነገር ልቡን ይኮረኩረው ጀመር፤ በደስታ ይሁን በምን እንደሆነ ገና አልገባውም። መካኒኩ ደግሞ ከወዲያ ረዘም አድርጎ ሲመልስ እሷ ቆማ ታያለች፤ ኳሱ ቀዩ ሪባን ላይ ያርፋል።

"ለምን ቆምሽ?" አላት።

"ይወጣል ብዬ ነዋ፣ ጋሼ። ልማድ ሆኖብኝ።"

ጋሽ ሜትር መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ተነሳ። ቀሚሱን ገልብጦ የውስጡን ስፌት አሳያት፤ ከስፌቱ ወዲህ የተረፈውን ጨርቅ።

"ይሄን ታያለሽ? ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲህ ትርፍ ይተዋል። ሰውየው ሲወፍር ይፈታለታል። አንቺ እስከ ዛሬ የተጫወትሽው ጠባብ ልብስ ለብሰሽ ነው። አሁን ትርፉ ተፈታልሽ። ስትመቺ የድሮውን መስመር ምቺ፣ መቼም አይወጣብሽም። ስትሮጪ ግን እስከ አዲሱ ሩጪ።"

ዱቄት ቀሚሱን አየች፣ ሪባኑን አየች። "በድሮው ምቺ፣ ባዲሱ ሩጪ" አለች፤ ሄደችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃል የክለቡ መፈክር ሆነ። እትዬ ነርስ ቁርጭምጭሚት እያሸች ትለዋለች፣ መካኒኩ ጎማ እየፈታ ይለዋል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ? ተጫዋቹ ሁሉ እስከ አዲሱ መስመር የሚሮጠው ሩጫ ለብቻው ድግስ ነበር።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። የማዶው ክለብ አረንጓዴ ወንበሮች ሞልተዋል። ጋሽ ሜትር የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከአንድ ምሰሶ ጀርባ፣ እንደ ተራ ሰው ተቀመጠ። ጨዋታው አምስት ነው። ሁለቱን የማዶዎቹ ወሰዱ፣ ሁለቱን እነ መካኒኩ። ሰው ሜዳ ላይ ሁለት ማሸነፍ ለእነሱ ተአምር ነበር፤ ግን ሁለት ብቻ ከሊጉ ከመውጣት አያድንም። ሁሉም ነገር በመጨረሻው ጨዋታ፣ በዱቄት ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ሰው ሲጨነቅ ወደ ድሮ ልማዱ ይመለሳል፤ እሷም ረጃጅሞቹን ኳሶች ቆማ ማየት ጀመረች። የማዶዋ ተጫዋች ይህን አውቃ ኳሱን ሁሉ ወደ ኋላ ትሰድ ነበር። ዕረፍት ላይ ዱቄት ፊቷን እየጠረገች ወንበሮቹን በዓይኗ ፈተሸች፤ ምሰሶው ጀርባ ያለውን ሰውም አገኘችው። መጮህ አይፈቀድም፤ ጋሽ ሜትር ከመቀመጫው ተነሳና ግራ ክንዱን ዘረጋ፣ በቀኝ እጁ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ደባበሰው። አንድ ክንድ። ዱቄት ገባኝ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ እየተቀባበለ ያወራዋል። የወጣ የሚመስለውን ኳስ ሁሉ ሮጣ ደረሰችበት። የምትመታው ደግሞ እንደ ልማዷ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ያርፋል፤ አንድም አይባክንም። ሁለተኛውን ዙር ወሰደች። በሦስተኛው የማዶዋ ተጫዋች ደክሟት፣ መስመሩን ለማግኘት ስትል ማስወጣት ጀመረች። ዱቄት አንድ ነጥብ ቀራት። ረጅም ኳስ መጣ፤ በጣም ረጅም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በልቡ "ወጣ" ብሏል። ዱቄት ግን ወደ ኋላ ሮጠች፣ ኳሷ መስመሩ ላይ ነጥራ ስትነሳ ደረሰችባት፣ በሊጥ አሺ ክንዷ ወደ ወዲያኛው ጥግ ላከቻት። የማዶዋ ተጫዋች ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

"ገባች!" አለ ጋሽ ሜትር፣ ዳኛው አፉን ሳይከፍት። በሕይወቱ ሜዳ ዳር ጮሆ አያውቅም። "ገባች! ገባች!" ምሰሶውን አቅፎ፣ ሽማግሌ ነኝ ሳይል እያለቀሰ ጮኸ። ዳኛውም ገባች አለ። ሊጉ ውስጥ ቀሩ!

መካኒኩ ያገኘውን ሁሉ ይስማል። ዱቄት ሜዳው መሃል ቁጭ ብላ ራኬቷን አቅፋለች። በሊጉ ደንብ ግጥሚያ ሲያልቅ የሁለቱ ክለብ ሊቀመንበሮች መረቡ ጋ ይጨባበጣሉ፤ የማዶው ሊቀመንበር፣ በከተማው የታወቀ የጥርስ ሐኪም፣ ኮቱን ቆልፎ መረቡ ጋ ቆመ። እትዬ ነርስ ግን ከቦታዋ አልተነሳችም።

"ሊቀመንበሩ እዚያ ናቸው" አለች፣ ወደ ምሰሶው እየጠቆመች። "እኔ ወንበሩን ሳሞቅላቸው ነበር።"

የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። መንገድ ከፈቱለት። ጋሽ ሜትር እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ በተዘረጋው እጅ ሁሉ ትከሻው እየተመታ ወርዶ ሜዳው ውስጥ ገባ። አንገቱ ቀጥ ብሏል።

"እንኳን ደስ አላችሁ" አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ እጁን ጨብጦ። "ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። በዚህ ሜዳ አንድም ቀን አሸንፋችሁን አታውቁም። ዛሬ ምን ተገኘ?"

"እግዜር ይስጥልን፣ ጌታዬ" አለ ጋሽ ሜትር፣ እጁን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከልቡ። "እናንተ ባትከሱን ኖሮ ዛሬም እንሸነፍ ነበር።"

ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት የኖረው ሐኪም የራሱን አፍ ከፍቶ ቀረ።